ወንድም በቡሄ፣ እህት በእንቁጣጣሽ፤ የእህትና የወንድም በዓላት ከጾታ እኩልነት አንጻር

(በፋኩልቲው አዳራሽ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዛሬው ርእሴ ከባድ መስሎ እንዳያስፈራችሁ ከምናውቀው ሥፍራ ልጀምር።

ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ጥቂት ብንራመድ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እንደርሳለን። የተወለድኩትም ያደግኩትም በዚያው ሰፈር ነው። በካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ ለጣሊያን ዘመን አርበኞች በተለየው ሥፍራ፣ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር አለ፤ የሲልቪያ ፓንክረስት። ሲልቪያ ያረፈችው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1960፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። እኛ የምናውቃት ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት በጻፈችው ጽሑፍና ባሳተመችው ጋዜጣ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን በአገሯ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል የታሰረች ሴት ነበረች። ትግሉን የጀመረችው ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ከእናቷና ከታላቅ እህቷ ከክሪስታቤል ጋር በመርህ ተለያይታለች። የአንድ ቤት ልጆች ስለ እኩልነት ያላቸው አሳብ አንድ ላይሆን እንደሚችል ከእርሷ ሕይወት እንማራለን። የዛሬው ንግግሬም በአንድ ቤት ስላደጉ ልጆች ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እህትና ወንድም የሚከበሩባቸው፣ ወይም እህትና ወንድም በየፊናቸው የሚያከብሯቸው በዓላት ስለ እኩልነት ልጆችን ምን ያስተምራሉ?

ክሩ እና ስጦታው

በዓለም ላይ በግልጽ የእህትና የወንድም በዓል ከሚባሉት አንዱ በሕንድ የሚከበረው ራክሻ ባንዳን ነው። ሽራቫን በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ይውላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ነሐሴ ጋር ይገጥማል። እህት በወንድሟ እጅ ላይ ራኪ የሚባል ክር ታስራለች፤ ደኅንነቱን ትመኝለታለች። ወንድም በበኩሉ ስጦታ ይሰጣታል፤ ሊጠብቃትም ቃል ይገባል። ክሩ ከሥጋ ዘመድ አልፎ ሌላውንም ሊያስተሳስር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1905 የእንግሊዝ መንግሥት ቤንጋልን ለሁለት በከፈለ ጊዜ ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ሂንዱና ሙስሊም ይህንን ክር በየእጃቸው እንዲተሳሰሩ ጥሪ አድርጎ ነበር።

በዓሉ ውብ ነው። ነገር ግን ሕንዳውያን ሴቶች ራሳቸው ሲጠይቁ የኖሩት ጥያቄ አለ። ጠባቂው ሁልጊዜ ወንድም፣ ተጠባቂዋ ሁልጊዜ እህት የሆነችው ስለ ምን ነው? ጥያቄው ክብደት የሚያገኘው ከውርስ ጋር ሲያያዝ ነው። በራጃስታንና በአካባቢው ሐቅ ትያግ፣ ማለትም መብትን መተው፣ የሚባል ልማድ አለ፤ እህቶች ከአባታቸው መሬት የሚደርሳቸውን ድርሻ ለወንድሞቻቸው ፈርመው ይለቃሉ። ያልለቀቀች እህት ስግብግብ ትባላለች፤ በበዓል የምትሄድበት የወላጅ ቤትም ሊዘጋባት ይችላል። ሴት ልጅ በጋራ የቤተሰብ ንብረት ላይ ከወንድሟ እኩል መብት እንዲኖራት የሕንድ ሕግ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም መብቱ በመወለድ ብቻ የሚገኝ መሆኑን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አረጋግጧል። ሕጉ ከወጣ በኋላም ልማዱ አልጠፋም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወንድም በየዓመቱ በበዓል ስጦታ ይሰጣል፤ ስጦታ የምትቀበል እህት ድርሻዬን ስትል ፍቅርን በገንዘብ የለወጠች ትመስላለች።

በጎረቤት አገር በኔፓል ግን በቲሃር በዓል መጨረሻ ቀን እህት በወንድሟ ግንባር ላይ ቀለም ስትቀባ፣ እርሱም መልሶ ይቀባታል። በዓል አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ እንዳለው ማሰብ እንደማይገባን ይህ ያሳየናል። በዓላት ሰዎች ሠርተዋቸዋል፤ ሰዎች ያሻሽሏቸዋል።

የእኛ ነሐሴና መስከረም

በእኛ ዘንድ የእህትና የወንድም ቀን ተብሎ የተሰየመ በዓል የለም። ቋንቋችንም ሁለቱን በአንድነት የሚጠራበት ቃል የለውም፤ ሁሉም ሴቶች ሲሆኑ እህትማማቾች እንላለን፣ አንድ ወንድ ከተቀላቀለ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ወንድማማቾች ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ብንመለከት፣ የአንድ ቤት ወንድና ሴት ልጆች ተራ በተራ ወደ አደባባይ የሚወጡባቸው በዓላት ተከታትለው እናገኛለን።

ነሐሴ 13 ቀን በቤተ ክርስቲያን በዓለ ደብረ ታቦር፣ በሕዝቡ አጠራር ቡሄ ነው። በታቦር ተራራ ብርሃን በተገለጠ ጊዜ እረኞች የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ እንደቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደወጡ በትውፊት ይነገራል። ችቦው ለብርሃኑ፣ ሙልሙሉ ለዳቦው፣ ጅራፉ ለመለኮት ድምፅ ምሳሌ ሆነው ይተረጎማሉ። ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው በቡድን ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ተራው የሴቶች ልጆች ይሆናል። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ተጎንጉነው፣ በወገባቸው ለምለም ቅጠል አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። በጎጃም ደግሞ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የእንግጫ ነቀላ አለ። በአዲስ አበባ መስከረም 1 ቀን ጠዋት ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶች ልጆች በበኩላቸው አበባና መላእክት የሣሉበትን ወረቀት ለጎረቤት እያደሉ ገንዘብ ይቀበላሉ።

ለሕግ ተማሪዎች አንድ ነገር ላስታውስ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት የጸናው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ በወንዶቹ ቡሄና በሴቶቹ ሻደይ መካከል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ይህ አጋጣሚ እንጂ ታስቦበት የተደረገ አይመስለኝም። ነገር ግን በወንድምና በእህት መካከል ያለውን ነገር የሚወስኑት ሕግም በዓልም መሆናቸውን ለማስታወስ ይጠቅመናል።

አራት መለኪያዎች

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ወንዱ ቡሄ አለው፣ ሴቷ እንቁጣጣሽ አላት፤ እኩል ናቸው» ይላሉ። ይህን አሳብ በቀላሉ መጣል አይገባም። እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ግን መለካት ያስፈልጋል። እኔ አራት መለኪያዎችን አቀርባለሁ፤ ሰዓትና ሥፍራ፣ ሥራ፣ ስጦታ፣ ጥበቃ። ምሳሌዬን ከልጅነቴ እወስዳለሁ፤ ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ሰዓትና ሥፍራ ነው። ከእኔ በአንድ ዓመት የሚበልጥ ወንድም አለኝ። ቡሄ ሲቃረብ እርሱና ጓደኞቹ ከመሸ በኋላ ይወጡ ነበር። ከሥላሴ ጀርባ ተነሥተው በአራት ኪሎ አድርገው እስከ ፒያሳ ይደርሳሉ፤ ቡና ቤቶቹን፣ ወርቅ ቤቶቹን፣ የማያውቋቸውን ሰዎች ደጅ ያንኳኳሉ። ተመልሰው ሲመጡ ስለ ከተማው የሚያወሩት ነበራቸው። እኛ ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ የምንወጣው በጠዋት ነው፤ የምንዞረውም እናቶቻችን የሚያውቋቸውን ቤቶች ብቻ ነው። ከረፋዱ በኋላ ወደ ቤት እንመለሳለን። እርሱ በሌሊት ከተማን አወቀ፤ እኔ በቀን ጎረቤትን አወቅሁ። ሁለቱም ዕውቀት ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ወደ ሌላው ዕውቀት ለመግባት ፈቃድ የሚያስፈልጋት አንዳችን ብቻ ነበረች።

ሁለተኛው ሥራ ነው። ሙልሙሉን የሚያቦካው ማን ነው? ቤቱን የሚያጸዳው፣ ቡናውን የሚያፈላው፣ ለሚመጡት ልጆች ዳቦውን ቆጥሮ የሚያስቀምጠው ማን ነው? በቡሄ ዋዜማ ወንድሜ ዱላውን ሲልጥ እኔ ከእናታችን ጋር ምጣድ አጠገብ ነበርኩ። ይህ ለእኔ ያን ጊዜ ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄ የሆነብኝ በእንቁጣጣሽ ነው። የእኔ በዓል በሆነው ቀን እርሱ ለእኔ የሚሠራው ነገር አልነበረም፤ አበባ የማሳየው ሥራዬን ጨርሼ ነው፤ ተመልሼም የምገባው ወደ ሥራ ነው። በወንድም በዓል እህት ትሠራለች፤ በእህት በዓልም እህት ትሠራለች። ከአራቱ መለኪያዎች እጅግ ግልጹ ይህ ይመስለኛል፤ በማንም ቤት ገብቶ ሊታይ የሚችል ነውና።

ሦስተኛው ስጦታ ነው። የሆያ ሆዬ ቡድን ትንሽ ማኅበር ነው። አውራጅ አለው፤ ተቀባይ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ በመጨረሻም ክፍፍል አለ። ልጆች ገንዘብ መያዝን፣ ተማምኖ ማካፈልን፣ ተጣልቶ መታረቅን የሚማሩበት ነው። የአበባየሆሽ ቡድንም ይኸው ሁሉ አለው። ልዩነቱ የወንዶቹ ብዙ ሌሊትና ሰፊ ክልል ስላላቸው ብዙ ገንዘብ መያዛቸው ነው። አንድ ዓመት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የወንድሜን ኮት ለብሼ፣ ሻሽ ራሴ ላይ ጠምጥሜ ከቡድኑ ጋር ወጣሁ። ሦስት ቤት ያህል ዞርን። አራተኛው ደጅ ላይ አንዲት የሰፈራችን ሴት በድምፄ ለየችኝና «አንቺ ደግሞ ከወንድ ጋር በጨለማ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ጠበቀችኝ እንጂ። ወንድሜ በዚያ ሌሊት ሲመለስ ሳንቲሙን በመሀረብ ቋጥሮ መጣና ከድርሻው ግማሹን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ የምወደው ስጦታ ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት አልሰጠኝም። ሊሰጠኝም አይገደድም ነበር። ስጦታና ድርሻ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስም ልሰጠው የቻልኩት ግን ሕግ ከተማርኩ በኋላ ነው።

አራተኛው ጥበቃ ነው። በልጃገረዶች በዓላት ላይ የሚደርስ ትንኮሳ ሁላችንም የምናውቀው ነውር ነው። ሴቶች ልጆች ደምቀው በሚወጡበት ቀን ለዓይንና ለእጅ የተፈቀዱ የሚመስላቸው አሉ። ለዚህ የተለመደው መፍትሔ ወንድም አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የወንድም ጥበቃ ከልብ የሚደረግ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጥበቃ የወንድም ሥራ ሲሆን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ወንድም የሌላት ልጅ ባለቤት የሌላት ትሆናለች። ሁለተኛ፣ የሚጠብቅ ሰው መፍቀድና መከልከልም ይጀምራል፤ «እጠብቅሻለሁ» የሚለው ቃል ውሎ አድሮ «አትወጪም» ወደሚለው ይለወጣል። ስለዚህ በጎዳና ላይ የአንዲት ልጅ ደኅንነት የማኅበረሰቡና የሕግ ኃላፊነት መሆን አለበት። ወንድም ከእህቱ ጋር በበዓል ቢሄድ ለደስታው ይሂድ።

እኩል ማለት አንድ ዓይነት ማለት ነውን?

እዚህ ላይ ከባድ የሆነውን ተቃውሞ ላንሣ። «እንግዲያው በዓላቱን እንቀላቅላቸው፤ ሴቶቹም ሆያ ሆዬ ይበሉ፣ ወንዶቹም አበባ ይያዙ» ቢባልስ?

ጃፓን በዚህ ረገድ የምታስተምረን ነገር አለ። በጃፓን እ.ኤ.አ. መጋቢት መጀመሪያ ላይ የሴቶች ልጆች በዓል አለ፤ በቤት ውስጥ አሻንጉሊቶች ተደርድረው ይከበራል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን ደግሞ በቀድሞው ልማድ የወንዶች ልጆች በዓል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የብሔራዊ በዓላት ሕግ ግንቦት 5ን የሁሉም ልጆች ቀን አደረገው፤ ለእናቶች ምስጋና የሚቀርብበትም እንዲሆን ደነገገ። አሳቡ መልካም ነበር። ውጤቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል የሆነው የወንዶቹ ቀን ነው፤ የሴቶቹ ቀን እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚከበር፣ ሥራ የማይዘጋበት ቀን ሆኖ ቀርቷል። የሁለት ልጆች በዓል ወደ አንድ ሲመጣ የሚተርፈው የማን ቀን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእኛን ሻደይና አሸንድዬም በዚህ ዓይን ልናይ ይገባል። በእነዚያ ቀናት የገጠር ልጃገረድ ከውኃ መቅዳትና ከእንጨት ለቀማ ዕረፍት ታገኛለች፤ ከእኩዮቿ ጋር ሆና የምትሄድበትን ራሷ ትወስናለች፤ በዘፈኗ ንፉጉን ትነቅፋለች፣ ለጋሱን ታወድሳለች። በዓመት ውስጥ ድምፅዋ በአደባባይ ከፍ ብሎ ቢሰማ የማይነቀፍባቸው ቀናት ናቸው። ይህን በዓል በእኩልነት ስም ለወንዶች መክፈት ያላትን ጥቂት መውሰድ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት በዓል መኖሩ በራሱ በደል አይደለም የሚል አቋም አለኝ። በደሉ ያለው ከሁለቱ በዓላት አንዱ የሌላውን ሥራ ሲበላ፣ አንዱ ሌሊቱንና ከተማውን ይዞ ለሌላው ጠዋቱንና ደጃፉን ብቻ ሲተው፣ እንዲሁም ልትገባ የፈለገች ልጅ በጾታዋ ብቻ ስትመለስ ነው።

ከበዓል ወደ ርስት

ይህ ሁሉ ስለ ልጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላስቀምጣችሁም ነበር። ጨዋታው የሚቀጥለው በአዋቂነት ነው።

የአማራ የርስት ሥርዓት ከብዙ አገሮች ልማድ ይለይ ነበር። የዘር ሐረግ በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ወንድም ሴትም ልጅ ርስት የመጠየቅ መብት አላቸው። ይህን በጎጃም በዳሞት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ነገር ግን መብቱ ሰፊ፣ መሬቱ ጠባብ ነበር። በሐረግ የሚገኝን መብት ወደ ሚታረስ መሬት ለመለወጥ ክርክር መግጠም፣ በሽማግሌ ፊት መናገር፣ ወገን ማሰባሰብ ያስፈልጋል። በአደባባይ መናገርን ከልጅነቱ የተለማመደው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ነው።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጆች እኩል እንዲወርሱ ደንግጓል። ይኸው ሕግ ግን ለጋብቻ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ወስኖ ነበር። ይህ ማለት በአንድ ቤት ውስጥ የ17 ዓመቱ ወንድም ገና ልጅ ሆኖ ሳለ፣ የ15 ዓመቷ ታናሽ እህቱ በሕግ ልትዳር ትችል ነበር ማለት ነው። ሁለቱን እኩል 18 ያደረጋቸው በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው፣ ጎጂ ልማዶችም የተከለከሉ መሆናቸውን በግልጽ ደንግጓል።

ይህንን ሁሉ የሕግ አንቀጽ እያወቅሁ ነበር እናታችን ያረፈችው። ከሰባት ዓመት በፊት ነው። የሚቀር ቤት ነበር፤ ትልቅ አይደለም። ሁለት እህቶችና አንድ ወንድም ነን። ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና አንደኛው፣ አባት የምለው ሰው፣ «ልጄ፣ እናንተ በየባላችሁ ቤት ናችሁ፤ የአባታችሁ ደጅ እንዳይዘጋ ቤቱን ለወንድማችሁ ተዉለት። ወንድም ጋሻ ነው፤ በበዓል የምትሰበሰቡት እርሱ ቤት ነው» አለኝ። በክፍል ውስጥ የውርስ ሕግ የማስተምር ሴት ነኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ቃል አጣሁ። ያጣሁት ሕጉን ረስቼ አይደለም። «ወንድምሽ ነው» የሚለውን ቃል በሕግ መመለስ ነውር ስለመሰለኝ ነው። ወንድሜን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የተቀበልኩት በመሀረብ የተቋጠረ ሳንቲም ትዝ አለኝ። «ስጦታህን እወዳለሁ፤ ድርሻዬን ግን አልተውም» አልኩት።

በሕጉ መሠረት እኩል ተካፈልን። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከወንድሜ ጋር አልተጠያየቅንም። ይህን የምነግራችሁ እኩልነት ዋጋ የለውም ብላችሁ እንዳታስቡ ነው፤ ዋጋ አለው፤ ብዙ ጊዜም የምትከፍለው የጠየቀችው ናት። በሦስተኛው ዓመት በእንቁጣጣሽ ጠዋት የወንድሜ ልጅ አበባ ይዛ ደጄን አንኳኳች። አባቷ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። አስገባሁት፤ ቡና ጠጣን። ስለ ቤቱ አልተነጋገርንም። ሲወጣ ግን «ያን ጊዜ እኔ መናገር ነበረብኝ» አለኝ። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ የበዓል ስጦታ የለም፤ ደግሞም ድርሻዬን የሚተካ ሳይሆን ድርሻዬን ያወቀ ስጦታ ነበር።

ምን እናድርግ?

ዛሬ የእኛ ሰፈር እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢዋ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ልጆች የሚያንኳኩት ደጅ አሁን የኮንዶሚኒየም በር ነው፤ ከበሩ በፊትም ጥበቃ አለ። ይህ ለሁለቱም በዓል ፈተና ነው፤ ለሴቶቹ ግን ይከፋል። የእነርሱ በዓል የቆመው በሚታወቅ ደጅ ላይ ነበርና የሚያውቃቸው ጎረቤት ሲበተን የሚዞሩበት ክልል ከወንዶቹ ቀድሞ ይጠፋል። በሌላ በኩል በአንዳንድ ሰፈሮች ሴቶች ልጆች ከወንድሞቻቸው ጋር ሆያ ሆዬ ሲሉ ማየት እየተለመደ መጥቷል። እኔን እጄን ይዞ የመለሰኝ ዓይነት ሰው አሁን እየቀነሰ ነው።

ስለዚህ ሦስት አሳቦችን አቅርቤ ልጨርስ።

የመጀመሪያው ለወላጆች ነው። በዓሉን መለወጥ አያስፈልግም፤ ሥራውን ማካፈል በቂ ነው። ሙልሙሉን ወንዱም ያቡካ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ቤቱን የሚያጸዳው እርሱ ይሁን፤ እህቱ አበባዋን ይዛ በነጻነት ትውጣ። ይህ አዋጅ አይፈልግም፤ በሚመጣው ዓመት ሊጀመር ይችላል። ሆያ ሆዬ ማለት የምትፈልግ ሴት ልጅ ካለችም አትመለስ።

ሁለተኛው ለሕግ ባለሙያዎችና ለሽማግሌዎች ነው። የውርስ ክፍፍል ሲደረግ «ለወንድምሽ ተዪለት» የሚል ምክር ከመስጠታችን በፊት «ለእህትህ ተውላት» ብለን የምናውቅ መሆን አለመሆናችንን ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ሰው በነጻ ፈቃዱ ድርሻውን ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ሁልጊዜ የምትሰጠው አንዷ ብቻ ከሆነች ያ ፈቃድ ነጻ መሆኑን መጠራጠር ይገባናል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። ስለ ቡሄና ስለ ሻደይ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ታሪካቸውና ስለ ግጥሞቻቸው ነው። ማን ምን እንደሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደተከፈለ፣ ማን እንደተመለሰ የተጻፈው ጥቂት ነው። ለዚህ ጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሚመጣው ነሐሴ ደብተራችሁን ይዛችሁ የራሳችሁን ቤት ተመልከቱ፤ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ብዙ ነው፤ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ወደ ሥላሴ ልመለስ። ከሲልቪያ መቃብር አጠገብ በልጅነታችን እኔና ወንድሜ ስንጫወት በድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አናነብም ነበር። ባለፈው እንቁጣጣሽ ከልጁ ጋር በዚያ አለፍን። ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ «ከእህቷ ጋር ታረቁ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእኩልነት ትግል መጨረሻው ይህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርሻችንን እኩል ካወቅን በኋላ፣ በአንድ ደጅ ቆመን እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ለመባባል እንድንችል ነው የምንደክመው።